እጄ ሊጥ ነው፣ ስልኩ ይጮኻል

ጥያቄ

«ዕድሜዬ 54 ነው፤ የምኖረው ኮተቤ ነው። በሳምንት አራት ቀን ከንጋት ጀምሬ ለሁለት ምግብ ቤቶችና ለጎረቤቶች እንጀራ እጋግራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መሶብ እሰፋለሁ። ሳሎን ውስጥ የቆየ መደበኛ ስልክ አለ፤ ተንቀሳቃሽ ስልክም አለኝ፤ ደንበኞቼ በሁለቱም ይደውላሉ። የሚደውሉት ግን ሁልጊዜ እጄ ሊጥ ሲሆን ነው። ታጥቤ እስክደርስ ይዘጋል። በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል አጣብቄ ሳወራ አንገቴ መዞር እምቢ አለኝ፤ ባለፈው ሳምንትም ስልኬ ከትከሻዬ ተንሸራቶ ቡሃቃ ውስጥ ገባ። ቨርጂኒያ ያለችው ልጄ የምትደውልልኝ ከመተኛቷ በፊት ስለሆነ እኔ ያን ጊዜ ምጣድ ላይ ነኝ። ‹እማዬ፣ በእጅ ሳትይዢው የምታወሪበት ገመድ አልባ የቤት ስልክ ሰው ሲመጣ ልላክልሽ› ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ ‹በሥራ ሰዓት ስልክ ማጥፋት ነው› ይላል። አንድ ሳምንት አጠፋሁ፤ አንዱ ምግብ ቤት ወደ ሌላ ጋጋሪ ሄደ። ምን ይሻለኛል?»

እጀ ሊጧ፣ ከኮተቤ

መልስ

የተከበሩ እጀ ሊጧ፣

ደብዳቤዎን አንብቤ ሳልጨርስ እጄ ወደ አንገቴ ሄደ። እኔም ሽንኩርት እየከተፍኩ ስልክ በትከሻዬ ይዤ ያረጀሁ ሰው ነኝና ሕመሙን አውቀዋለሁ። ይህን ነገር ከዛሬ ጀምረው ይተዉት። ሕመሙ ወደ ክንድዎ የሚወርድ ወይም ጣትዎን የሚያደነዝዝ ከሆነ ግን የእኔን ምክር ሳይጠብቁ ሐኪም ይዩት።

አሁን ወደሚያስቸኩለው ልሂድ። ልጅዎ ሻንጣ የሚይዝላት ሰው ሳታገኝ ዛሬውኑ ይንገሯት፤ የአሜሪካ ገመድ አልባ የቤት ስልክ አትላክ። ክፋት አስቤ አይደለም፤ እዚያ አገር ጥሩ ዕቃ ነው። አብዛኞቹ ካርቶናቸው ላይ «ዴክት 6.0» የሚል ጽሑፍ አለባቸው። ዴክት ማለት እጀታው ከመቀመጫው ጋር በአየር ላይ የሚነጋገርበት የሬዲዮ ሥርዓት ነው፤ 6.0 የሚለው ቁጥር ለገበያ የተለጠፈ ስም እንጂ የሞገዱ ልክ አይደለም። የአሜሪካው የሚሠራው ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ ላይ ሲሆን፣ የአውሮፓው ከ1880 እስከ 1900 ባለው ላይ ነው። ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በእኛ በኩል ባለው የዓለም ክፍል ከ1920 እስከ 1980 ያለው ሞገድ የሦስተኛው ትውልድ ተንቀሳቃሽ ስልክ ወደ ማማው የሚናገርበት ነው። ልጅዎ በፍቅር የላከችው ስልክ ሳሎንዎ ውስጥ ሲበራ የጎረቤቱን ሁሉ የሞባይል ጥሪ ሊያውክ ይችላል፤ እርስዎም ሳያውቁት ያልተፈቀደ ሬዲዮ ጣቢያ ባለቤት ሆኑ ማለት ነው።

ኤሌክትሪኩም አለ። የአሜሪካ ቤት 120 ቮልት ነው፤ የእኛው 220። በቻርጀሩ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው «ከ100 እስከ 240» ካላለ በስተቀር፣ የተሰካበት ቀን የተቀበረበት ቀን ይሆናል። ይህን ሁሉ ቢያልፍ እንኳ የገመድ አልባ ስልክ መቀመጫ ያለ መብራት አይሠራም። መብራት ሲጠፋ ምጣዱና ስልኩ አብረው ዝም ይላሉ፤ ደንበኛ ደግሞ «እንጀራው ይደርሳል ወይ?» ብሎ የሚደውለው በዚያን ሰዓት ነው።

ያ የናቁት የሳሎን ስልክ እዚህ ላይ ይበልጣል። መስመሩ በመዳብ ሽቦ የሚመጣ ከሆነ ኃይሉን የሚያገኘው ከቤትዎ ሳይሆን ከስልክ ጣቢያው ነው፤ 48 ቮልት ያህል በዚያው በሽቦው ይመጣለታል። ሰፈሩ ጨልሞ እሱ ይጮኻል። መስመርዎ ወደ ፋይበር ተቀይሮ ከሆነ ግን ይህን አይመኑ፤ በፋይበሩ ሳጥን በኩል የሚያልፍ ስልክ ሳጥኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከመርካቶ አንድ ገመድ ያለው፣ ድምፅ ማጉያ ያለው የጠረጴዛ ስልክ ገዝቼ የሳሎኑን የስልክ መስመር ወደ ማዕድ ቤቱ በር አዛውረው ነበር። ሲገዙ ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። አንዳንዱ ስልክ የድምፅ ማጉያ ሥዕል ያለበት ቁልፍ ኖሮት ማጉያው ለመስማት ብቻ ነው። እጀታውን ሳያነሱ ቁጥር ይደውላሉ፣ የሌላውን ድምፅ ይሰማሉ፤ መናገር ሲፈልጉ ግን ማይክሮፎን ስለሌለው እጀታውን ማንሳት ግድ ይሆናል። ሊጡ ያው ሊጥ ነው። ስለዚህ ባለ ሱቁ መስመር ላይ ይሰካልዎት፤ በሞባይልዎ ወደዚያ ስልክ ይደውሉ፤ እጀታውን ሳይነኩ ቁልፉን ብቻ ተጭነው፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው ይናገሩ። ሻጩ ሞባይልዎን ይዞ ወደ ውጭ ይውጣና የሰማውን ቃል በቃል ይንገርዎት። ፊቱን ካጠቆረ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

ቁልፉ ትልቅና ለብቻው የተቀመጠ ቢሆን ደግ ነው፤ ምክንያቱም የሚጫኑት በጣት ሳይሆን በክርን ነው። ብዙዎቹ የጠረጴዛ ስልኮች ከጀርባቸው ምስማር የሚገባባቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሏቸው፤ በእነርሱ ክርንዎ ያለ ድካም በሚደርስበት ቁመት ግድግዳ ላይ ይስቀሉት። ቦታው እንፋሎት የሚወጣበት የምጣዱ አጠገብ አይሁን፤ ዘይት የሚፈነጥቅበትም አይሁን። ቁልፎቹን በስስ ላስቲክ ሸፍነው በየሳምንቱ ይቀይሩት፤ የማይክሮፎኗን ቀዳዳ ብቻ እንዳይሸፍኑ። ሊጥ ቢነካው እርጥቡን በጨርቅ አያዳርሱት፣ ይድረቅና በደረቅ ብሩሽ ይራገፋል።

ቦታው ለድምፅም ወሳኝ ነው። ርካሽ የማጉያ ስልክ ሁለት ሰው እኩል እንዲናገር አይፈቅድም፤ ከሁለቱ ወገን ጮክ ያለውን ይመርጥና የሌላውን አፍ ይዘጋል። ቁሌቱ ሲንጫጫ፣ ቡና ሲወቀጥ፣ መፍጫው ሲጮኽ ስልኩ እርስዎ እየተናገሩ ያሉ ይመስለውና ደንበኛዎን ጸጥ ያሰኘዋል። እሱ «ሄሎ? ሄሎ?» ይላል፤ እርስዎ መስመሩን ይረግማሉ፤ ጥፋቱ ግን የሽንኩርቱ ነው። መፍትሔው ስልኩን ከጫጫታው አርቆ ራስን ወደ ስልኩ ማስጠጋት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ማይክሮፎኑ ዘንድ የሚደርሰው የድምፅ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳልና፣ አንዲት እርምጃ ብዙ ትለውጣለች። ሁለት ባዶ ግድግዳ የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ አይስቀሉት፤ ድምፁ እየተጋጨ ከጉድጓድ የሚናገሩ ያስመስልዎታል። ጎኑ ላይ መጋረጃ ወይም ወፈር ያለ ጨርቅ ቢኖር ይሻላል። ሌላው ሲናገር የራስዎን ማይክሮፎን የሚዘጋ ቁልፍ ካለው ደግሞ ክርንዎን ያለማምዱት።

ወደ ተንቀሳቃሹ ስልክ ልምጣ። ቡሃቃ ውስጥ የገባው ተርፎ ከሆነ እሰየው። ሌላ ጊዜ ሲገባ ወዲያው ያጥፉት፣ ይጥረጉት፣ ደህና አድርጎ ሳይደርቅ ቻርጅ አያድርጉት። ሩዝ ውስጥ መቅበር የሚባለውንም ይተዉት፤ አፕል ራሱ ደቃቁ የሩዝ ብናኝ ስልኩን ይጎዳል ብሎ ከልክሏል።

ስልክዎ አይፎን ከሆነ «ተደራሽነት» በሚባለው ማስተካከያ ውስጥ ጥሪን በራሱ የሚያነሳ ምርጫ አለ፤ ስንት ሰከንድ ከጮኸ በኋላ እንዲያነሳ ይነግሩታል፣ ድምፁንም በማጉያ እንዲያወጣ ያዙታል። በሳምሰንግ ስልኮች ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ ሲያያዝ ጥሪውን በራሱ እንዲያነሳ ማድረግ ይቻላል። ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ወጣት በአምስት ደቂቃ ያስተካክልልዎታል። በድምፅ ስለሚታዘዙት ስለ ሲሪና አሌክሳ ልጅዎ ነግራዎት ይሆናል። አማርኛ አይሰሙም፤ በሊጥ እጅዎ ቆመው በእንግሊዝኛ ሲለማመጡ ምጣዱ ያርራል።

በራሱ የሚያነሳ ስልክ አደጋው ግልጽ ነው። ደዋዩ እርስዎ ሳያውቁት ቤትዎ ገባ ማለት ነው። ባልዎን እየተቆጡ ከነበረ ምግብ ቤቱ ሰማ። ስለዚህ ይህን ምርጫ ሥራ ሲጀምሩ ይክፈቱት፣ ሲጨርሱ ይዝጉት።

ስለ ማጉያ ካነሳሁ አንድ ኃፍረቴን ልንገርዎት። አንድ የበዓል ማግስት እጄ በርበሬ ስለነበር ስልኬን በማጉያ አንስቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ቡና ላይ ስድስት ሰው ተቀምጧል። የደወለችው ዘመዴ ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ ከስድስቱ ስለ አንዷ ጀመረች፤ ያውም ስለ ማንም ቢወራ ይሻል ስለ ነበረችው። በርበሬውን ረስቼ ስልኩን አፈፍ አድርጌ ለመዝጋት ስሞክር ጣቴ ከላቡ ጋር ዓይኔ ገባ። ማልቀሴን ሁሉም በኃፍረት መሰላቸው፤ ግማሹ እውነት ነበር። ከዚያ ወዲህ በማጉያ ስልክ ሳነሳ የመጀመሪያ ቃሌ «ድምፅሽ ለሰው ይሰማል» ነው። ከ«ጤና ይስጥልኝ» በፊት። እርስዎም ይልመዱት፤ ደዋዩ የእርስዎን ቤት የማየት ዕድል የለውም።

ከመሣሪያው ይልቅ ግን እኔን ያሳሰበኝ ሁሉንም ሥራ እንደ አንድ መቁጠርዎ ነው። እጅ የማይነካ ስልክ እጅን እንጂ ልብን ነጻ አያደርግም። ሽንኩርት ሲከተፍ ልብ ቢላው ላይ መሆን አለበት። ዘይት ሲግል እንዲሁ። እዚያ ላይ የሚደወል ስልክ በማጉያም ቢሆን አይነሳ፤ አምስት ደቂቃ የማይታገስ ደንበኛ የለም። ምጣድ ግን መካከለኛ ነው። ሊጡን ከዳር ጀምረው እያዞሩ ወደ መሃል ሲያፈሱ እጅዎ ዝም ብሎ መንገዱን ያውቃል፤ ዓይኑ ሲወጣ አይተው አክንባሎውን ከደፉ በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ጆሮዎ ሥራ ፈት ነው። ለአጭር ትእዛዝ ይበቃል። ለልጅ ናፍቆት አይበቃም። ስለ ልጅ ልጅ ጥርስ እየሰሙ የረሱት እንጀራ ደርቆ ጠርዙ ሲነሳ አክንባሎው አይነግርዎትም።

ስፌት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። አክርማው ውኃ ውስጥ ተነክሮ፣ ስንደዶው ጭን ላይ ተዘርግቶ፣ ወስፌ እየወጋ ሲሄድ ሰው ካላወራ ምን ሊያደርግ ነው? የእናቶቻችን ስፌት ያለ ወሬ የተሰፋበትን ቀን አላውቅም። እጅዎ እርጥብና ወስፌ የያዘ ስለሆነ ስልክ መያዝ አይችሉም፤ ማዳመጫ ጆሮ ላይ ማድረግ ግን ይችላሉ። አንድ ቦታ ብቻ ዝም ይበሉ፤ ከነጩ ወደ አለላው ሲሻገሩ። ጥለቱ የሚቆጠር ነውና እዚያ ላይ የገባ ወሬ ሦስት ዙር ወደ ኋላ ያስፈታል።

እንግዲህ ልጅዎን ከምጣድ ወደ ስፌት ያዛውሯት። ሂሳቡን ሠርቼልዎታለሁ። ቨርጂኒያ ከእኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ከመጋቢት መጀመሪያ አካባቢ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ግን እነርሱ ሰዓታቸውን ስለሚያስቀድሙ ልዩነቱ 7 ይሆናል። ልጅዎ ልትተኛ ስትል፣ በእርሷ ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ እዚህ ከጠዋቱ 12 ወይም 1 ሰዓት ነው፤ ምጣዱ የሚነድበት። እርሷ ጠዋት ተነስታ ወደ ሥራ ስትዘጋጅ፣ በእርሷ 1 ሰዓት፣ እዚህ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ነው። እርስዎ መሶብ ይዘው ተቀምጠዋል። እርሷም ቁርሷን እየሠራች ስለሆነ እጇ ሥራ ይዟል፤ ሁለታችሁም እጃችሁ ታስሮ አፋችሁ ተፈትቷል። ከዚህ የተሻለ የስልክ ሰዓት አላውቅም።

ባለቤትዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ማጥፋቱ ነው ስህተቱ። ለደንበኞችዎ የትእዛዝ ሰዓት ይንገሩ፤ ለምሳሌ ማታ ከ1 እስከ 2 ሰዓት። ከዚያ ውጭ የሚፈልግ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይተው፤ አክንባሎ ደፍተው ይሰሙታል። የድምፅ መልእክት ከማጉያ ጥሪ የሚበልጥበት ነገርም አለ፤ መልሰው ያዳምጡታል። በጫጫታ ውስጥ በማጉያ ሲሰማ ሠላሳና ስልሳ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ለዝክር ሠላሳ እንጀራ ያዘዝኩበት ቀን ስልሳ መጣልኝ፤ ጋጋሪዋ ምጣድ ላይ ሆና ነው የሰማችኝ። ተጨቃጨቅን፣ ከፈልኩ፣ ሰፈሩ ሁሉ ለሦስት ቀን ፍርፍር በላ። ስለዚህ ቁጥር በስልክ ሲቀበሉ ሁልጊዜ መልሰው ይንገሩት፤ «ስልሳ ነው ያልከው? ስድስት ጊዜ አሥር?» ብለው። ወረቀትና እርሳስ ከስልኩ አጠገብ በክር ይንጠልጠል፤ እጅዎ ሊጥ ከሆነ ግን ባለቤትዎ ይጻፉ። «ስልክ ማጥፋት ነው» ያሉት እሳቸው አይደሉ?

ስለ ማዳመጫው አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ባለ ገመዱን ከመረጡ ገመዱ በደረትዎ ፊት ሳይሆን በጀርባዎ በኩል ከነጠላው ሥር ይለፍ፤ ምድጃና ገመድ አይዋደዱም። ብሉቱዙ ገመድ የለውም፤ ስልኩን ሳሎን ትተው ማዕድ ቤት ቢሠሩ አሥር ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ወፍራም ግድግዳ ግን ይቀንስበታል። ከሁለቱም ጆሮ አንዱን ብቻ ይድፈኑ። ወጥ ሲገነፍል፣ ልጅ ሲያለቅስ፣ በር ሲንኳኳ የሚሰማ ጆሮ ያስፈልጋል። በበርበሬ እጅ ጆሮ ላይ ያለ ማዳመጫ አያስተካክሉ፤ ይህን የምለው ከዓይኑ ተምሬ ነው።

ልጅዎ «ታዲያ ምን ልላክ?» ብላ ማኩረፏ አይቀርም። ባለ አንድ ጆሮ የብሉቱዝ ማዳመጫ ትላክ። በዩኤስቢ ገመድ ስለሚሞላ የ120 ቮልት ጣጣ የለበትም፤ በሚሠራበት ሞገድም ማንንም አያስቸግርም። ሁለት ትላክ። አንደኛው ቡሃቃ ውስጥ መግባቱ አይቀርም።